ትኩስ አለታማ ፕላኔት በቴስ መረጃ ውስጥ እንዴት ይፈለጋል?

ቴስ የኮከቦችን ብርሃን የሚከታተል የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ማንም ሰው ሳይንቲስቶችን በሚያግዝበት ዙኒቨርስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ «ፕላኔት ሀንተርስ ቴስ» የተባለውን ፕሮጀክት ክፈቱ። ግራፉ የአንድን ኮከብ ብርሃን ለ27 ቀናት ያህል ያሳያል፤ ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ ይላል። ያንን ዝቅታ ምልክት አድርጉበት።

አለታማው ግን ያስቸግራል። ምድርን የሚያክል ፕላኔት ፀሐይን ከሚያክል ኮከብ የሚጋርደው 0.0084 በመቶ ብቻ ነው፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ በራሳችሁ ስትፈልጉ ትንንሽ ኮከቦችን ምረጡ፤ የኮከቡ ራዲየስ በግማሽ ሲያንስ ዝቅታው አራት እጥፍ ይጠልቃል። ቀጥሎ ግራፉን ፕላኔቱ ኮከቡን አንዴ በሚዞርበት ጊዜ ልክ ቆራርጣችሁ ደራርቡት፤ ላይትከርቭ የተባለው የፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ) ጥቅል ይህን ይሠራል። እንደ ኬፕለር-10ቢ ለኮከቡ በጣም ቀርቦ (ትኩስ የሚሆነውም ለዚህ ነው) በ20 ሰዓት አንዴ የሚዞር አለታማ ፕላኔት በ27 ቀናት ከ30 ጊዜ በላይ ያልፋል፤ ሲደራረብ የዘፈቀደው መዋዠቅ እየተጣፋ እውነተኛው ዝቅታ ይወጣል።

አትቸኩሉ። ዝቅታዎቹ አንዱ ጥልቅ፣ ቀጣዩ ቀለል ያለ እየሆኑ ከተፈራረቁ፣ እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ኮከቦች መሆናቸው አይቀርም። የቴስ ምስል አንድ ነጥብ (ፒክሰል) ሰፊ የሰማይ ክፍል፣ 21 አርክሰከንድ (የማዕዘን መለኪያ)፣ ስለሚሸፍን የጎረቤት ኮከብ ብርሃንም ይቀላቀላል። ግራፉ መሐል መረጃ ከሌለበት ክፍተት አጠገብ የሚታየውንም ጠርጥሩ፤ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው የመጣ ነው።

ዝቅታው የሚነግረን የፕላኔቱን ስፋት ብቻ ነው። አለታማ ለመባል ክብደቱም በሌላ ቴሌስኮፕ፣ ፕላኔቱ ሲስበው ኮከቡ በሚያሳየው መወዛወዝ መለካት አለበት።