ጠዋት የሚንቀጠቀጥ፣ ሲሞቅ የሚረጋ ሞተር፦ ካንዴላ ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦዎቹን እዩ

ጠዋት ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ይላል። የዙር ቆጣሪው 1200 ይደርስና ወደ 600 ይወርዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። መሪው እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ካልረገጣችሁለት ይጠፋል። አስር ደቂቃ ከሰራ በኋላ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል። መካኒክ ጋ ስትደርሱ «ደህና ነው እኮ!» ትባላላችሁ።

የእኔ አሮጌ መኪና እንዲህ ያደረገችኝ ጊዜ መጀመሪያ ካንዴላ ቀየርኩ። ቀጥሎ የሚኒሞ ቫልቩን ፈትቼ አጠብኩ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ጫፏ የተሰነጠቀች፣ የጣት ርዝመት ያላት የጎማ ቱቦ ናት። እዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል እንግዲህ ያኔ መከተል የነበረብኝን ነው።

ለምን ሲቀዘቅዝ ብቻ?

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ከስሮትሉ ወዲያ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ፣ ኃይለኛ የቫኪዩም ስበት ይፈጠራል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ሲሞቅ በቫኪዩም መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። የቫኪዩም ቱቦዎቹ ይህን ስበት የፍሬን ርገጣን ወደሚያግዘው ሰርቮ፣ ወደ ነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውና ወደ ሌሎች ክፍሎች ያደርሳሉ። አንዷ ከተሰነጠቀች አየር ሾልኮ ይገባል። የአየር መለኪያ ሴንሰር ባለው መኪና ላይ ይህ አየር በሴንሰሩ በኩል ስላላለፈ አይቆጠርም። ኮምፒውተሩ ነዳጅ የሚሰጠው ለቆጠረው አየር ብቻ ነው። የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ይሳሳል፤ ማለትም ነዳጅ ያንሰዋል።

ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቤንዚን በቅዝቃዜ በደንብ ስለማይተን ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። የኦክስጅን ሴንሰሩም ሳይሞቅ ስራ አይጀምርም። ከሞቀ በኋላ «አየር በዝቷል» ብሎ ያሳውቃል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምርና ጉዳዩ ይሸፋፈናል። ቀዳዳው ግን እዚያው አለ። ያረጀ ጎማም ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላል፣ ሲሞቅ ለስለስ ብሎ ስንጥቁ ይገጥማል።

በማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር የሚሰሩ መኪኖች ላይ ምልክቱ ይለያል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ሚኒሟቸው ከፍ ብሎ አልወርድ ይላል።

ቱቦ ነው ወይስ ሌላ?

ነዳጅ ስትረግጡ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ወደ አየር ቀዳዳ አዘንብሉ፤ ብዙ አየር በሚገባበት ጊዜ ያቺ ትንሽ ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። ኮፈን ስር ፉጨት ከተሰማ ወይም የሞተር መብራት በርቶ ኮዱ ፒ0171 (P0171፣ «ድብልቁ ሳስቷል» ማለት ነው) ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሞተሩ ሞቆም ሆነ ተረግጦ ከተንገራገጨ ግን ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ ወይም ኢንጀክተር እዩ። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ፈትሹ፣ ካርቡሬተር ከሆነ ደግሞ ቾኩን።

ፍለጋው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው መሆን ያለበት። መኪናዋን አሳድሯትና ጠዋት ኮፈኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ከቤልትና ከፋን ይራቅ። አንድ ሜትር ያህል ትርፍ ቱቦ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየቱቦው መጋጠሚያ ዙሪያ አዙሩት። ፉጨቱ ያለበት ቦታ ላይ ድምፁ ጆሯችሁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የፒንሳውን አፍ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ፣ ማኒፎልዱ አጠገብ፣ ቆንጠጥ አድርጉ። አንዷን ስትቆነጥጡ ሞተሩ ከተረጋጋ ጥፋተኛዋ በዚያ መስመር ላይ ናት።

ብዙ ሰው የካርቡሬተር ማጠቢያ ይረጫል። ይሰራል፣ ግን ይቀጣጠላል፤ እኔ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ነው የምረጨው። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው ድምፁ ይቀየራል።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ደግሞ ቱቦዎቹን ጫፋቸው ላይ እጠፏቸው። የእኔዋ ስትታይ ደህና ነበረች። እጥፍ ሳደርጋት ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተተረተረች። በተለይ አፍንጫው (ቱቦው የሚሰካበት ቀጭን ቧንቧ) ላይ የሚገባው የመጨረሻው አንድ ሴንቲሜትር ነው የሚጎዳው።

ቅያሬው

መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አንድ አውጥታችሁ አንድ አስገቡ፤ ሁሉንም ነቅላችሁ ከጣላችሁ የየትኛው ቦታ የየትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል። አንዳንድ መኪና ላይ ኮፈኑ ስር የቱቦዎቹን መስመር የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል።

አሮጌውን ቱቦ አትጎትቱት። አፍንጫው ፕላስቲክ ከሆነ ቀጭ ይላል፤ እኔ አንዱን ሰብሬ ከቱቦዋ በላይ ከስራኛለሁ። በምላጭ ቁመቱን በስሱ ሰንጥቃችሁ ላጡት።

ልኩን ከአሮጌው ጫፍ አትውሰዱ፣ ተለጥጧል። አፍንጫውን ለኩ። ቀጫጭኖቹ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ስፋታቸው ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ለቫኪዩም የተሰራ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ ቱቦ ግዙ። ስስ ቱቦ ስበቱ ራሱ ያጣብቀዋል። ሲሊኮን ሙቀት ይችላል፣ የዘይትና የቤንዚን ትነት ግን አይስማማውም፤ የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ ማኒፎልዱ በሚመልሰው በፒ.ሲ.ቪ ቫልቩ መስመር ላይ ዘይት የሚችል ጎማ ይሁን። አልገባ ካለ ጫፉን በሳሙና ውሃ አርጥቡት እንጂ ዘይት አትቀቡት።

ከነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው የሚመጣው ቱቦ ውስጡ ቤንዚን ካለ ቱቦውን መቀየር ብቻ አይበቃም። የመቆጣጠሪያው ዲያፍራም ተቀዷል ማለት ነው።

የፍሬን ሰርቮው ቱቦ ወፍራምና የተጠናከረ መሆን አለበት፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ ይታሰር። የአንድ አቅጣጫ ቫልቩን ከመንቀላችሁ በፊት አቅጣጫውን ምልክት አድርጉ። አየር የሚያሳልፈው ከሰርቮው ወደ ሞተሩ ብቻ ነው። ስትጨርሱ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። እስኪጠነክር ድረስ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ስበት አግኝቷል።

በሚቀጥለው ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስታችሁ አዳምጡ። አሁንም ከተንቀጠቀጠ በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ዙሪያ ውሃ እየረጫችሁ ፈልጉ። አዲሱን የሰርቮ ቱቦ ስትቆነጥጡ ሞተሩ የሚረጋ ከሆነ ደግሞ የሚያፈሰው ሰርቮው ራሱ ነው። የፍሬን ነገር ስለሆነ ሳይሰራ አትንዷት።