እንደ ሕፃን ማመን ሲባል የምንሳሳታቸው ነገሮች

እህቴ ልጇን ጡት ስታስጥል እኔ እሷ ጋር ነበር የማድረው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እሬት ተቀባች። ማሙሽ ቀመሰው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ ሕንፃው እስኪናወጥ አለቀሰ። ሦስት ሌሊት እንዲህ አደርን። ጎረቤታችን ጠዋት ደረጃ ላይ ስታገኘን «አይዟችሁ፣ ያልፋል» ትላለች፤ የእሷም ዓይን ቀልቷል። በአራተኛው ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ደንግጬ በሩን ገፋ ሳደርግ እናቱ ደረት ላይ ተኝቷል። ጡቱን አልፈለገም። እሷን ነው የፈለገው።

መዝሙረ ዳዊት 130 (በሌላው አቆጣጠር 131) ሦስት ቁጥር ብቻ ያላት አጭር መዝሙር ናት። ዳዊት እዚያ ላይ ነፍሱን ጡት ከጣለ ሕፃን ጋር ያመሳስላታል። ጡት ከሚጠባ አላለም። ስንት ዓመት ሳነበው ይቺን ቃል ዝም ብዬ አልፌያታለሁ! የሚጠባ ልጅ እናቱን የሚፈልጋት ለወተቷ ነው። የጣለው ግን ለራሷ ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለ እምነት የማስበው ተለውጧል፤ የራሴንም ስህተቶች መቁጠር ጀመርኩ።

እንደ ሕፃን ሁኑ የተባልነው ሕፃን ንጹሕ ስለሆነ ነው ማለት

ይህን የሚል ሰው ልጅ አላሳደገም። ማሙሽን «ስኳር ቅመሃል?» ብትሉት ከንፈሩ ላይ ስኳሩ እያለ «አልቃምኩም» ይላል። በማቴዎስ 18 ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ስለ ንጽሕና አልነበረም። በመንግሥተ ሰማያት ማን ይበልጣል ነው ያሉት። ጌታም ሕፃን መካከላቸው አቁሞ ስለ ዝቅ ማለት ነገራቸው።

ሉቃስ 18ን ደግሞ ከቁጥር 9 እስከ 30 በቅደም ተከተሉ አንብቡት። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ፣ አሥራት አወጣለሁ እያለ የሚቆጥረው ፈሪሳዊ አለ። መጨረሻ ላይ ሀብቱን መተው ያቃተው ሰው ያዝናል። በመሃል ሕፃናቱ ይመጣሉ። አንዱ ሥራውን ይዞ፣ ሌላው ንብረቱን ይዞ መጥቷል። ሕፃናቱ ምንም የላቸውም፤ እንደውም በእግራቸው እንኳ አልመጡም፣ ሰው ነው ያመጣቸው።

ጥያቄ ማቆም

«አትመርምር፣ ዝም ብለህ እመን» ሲባል ስንቴ ሰምተናል። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ከማሙሽ ጋር ታክሲ የተሳፈረ ሰው ግን ሕፃን ዝም ብሎ እንደማያምን ያውቃል። ለምን ቆመ? ረዳቱ ለምን ይጮኻል? ያ አህያ የማን ነው? ጥያቄው የሚመጣው እኮ ይመልሱልኛል ብሎ ስለሚያምን ነው። ጳውሎስም «በአእምሮ ሕፃናት አትሁኑ» ብሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች በግልጽ ጽፏል። እመቤታችንም መልአኩን «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላዋለች።

ዘካርያስም ጠይቆ ዲዳ ሆነ የምትሉኝ አትጠፉም። እሱ የጠየቀው «በምን አውቃለሁ?» ብሎ ነው። የመልአኩ ቃል አልበቃውም፣ መተማመኛ ፈለገ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እንባን እንደ ክህደት ማየት

ሥራ ያጣሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ «እምነት ያለው ሰው እንዲህ አይሆንም» አለኝ። ለማጽናናት ነበር ያለው። ከዚያ በኋላ እሱ ፊት ፈገግ እያልኩ፣ ቤቴ ገብቼ ጣራ ጣራ ማየት ሆነ ሥራዬ። ጸሎቴም ተበላሸ፤ እግዚአብሔር ፊትም ፈገግ እያልኩ ነበራ።

ወደ ማሙሽ ልመለስ። ሦስቱን ሌሊት ያለቀሰው በማን ላይ ነው? ጡት በከለከለችው ላይ። ያለቀሰውስ ለማን ነው? ለእሷው። በጥፍሩ እየቧጠጣት አንገቷን አልለቀቀም። ጎረቤት ቤት ሄዶ አላለቀሰም። «አቤቱ፥ እስከ መቼ?» የሚለው መዝሙርም እንደዚሁ ነው፤ ያኮረፈ ሰው ጸሎት ነው፣ ግን ጸሎት ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «አባ አባት» ካለ በኋላ ጽዋውን ውሰድልኝ ብሎ ለምኗል።

ጸሎትን ውል ማድረግ

ይህ የእኔ ትልቁ ነው። እህቴ የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ናት፤ ቤቱ ወጣላት። እኔ የ2005 ነኝ። በየወሩ እየቆጠብኩ፣ ዕጣ ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር እየጾምኩ ጠበቅኩ። ተሳልኩ። ስለት ክፉ ነው አላልኩም፤ ሐናም ተስላ ነው ሳሙኤልን የወለደችው። የእኔ ግን ስለት ሳይሆን ቀብድ ነበር። ይህን ያህል ጾሜያለሁ፣ እንግዲህ የአንተ ተራ ነው ዓይነት።

ዕጣው ሲወጣ ስሜን ፈለግኩ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የለም። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። በሚቀጥለውም። እህቴ ስትጠይቀኝ ታክሲ አጣሁ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የሰልፉን ርዝመት የሚያውቅ ሰው ያምነኛል፤ እሷ ግን አላመነችኝም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ቤቱ ቢወጣልህ ኖሮ ታክሲው ይገኝ ነበር» አለችኝ።

ተናደድኩ። መልስ ግን አልነበረኝም። ለካ እሬት የተቀባብኝ እኔም ነኝ። ወተቱ ሲቀር ደረቱንም ትቼ ሄድኩ። እስካሁን ቤት አልወጣልኝም፤ መለመኔን አላቆምኩም፣ መለመን የልጅ ወግ ነው። ቀብዱን ነው ያቆምኩት።

ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ

ብዙ አልልበትም። በማርቆስ 9 ያለው አባት ልቡ እስኪሞላ አልጠበቀም። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ልጁ ዳነ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አንድ ጎረቤት በቀልድ «ሮቶ መሙላት ለነገ መጨነቅ አይደለም ወይ?» ብሎኝ ያውቃል። መናውን አስታወስኩት። በዘጸአት 16 እስራኤል መናውን በየማለዳው ወጥተው ይለቅሙ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ አልዘነበም። ለነገ ያስቀመጡት ተልቷል። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ልቀሙ ተብለው አስቀመጡት፣ አልተላም። ነገሩ የማስቀመጥ አይደለም፤ የሰጪውን ቃል የመስማት ነው።

በመድኃኒት ላይ ግን ቀልድ የለም። እንጦጦ ጸበል ወርደው፣ ድኛለሁ ብለው የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ማሙሽ እንኳ እናቱን ስለሚያምን ነው መራራውን ሽሮፕ የሚውጠው። እየተፋ፣ እየተሳደበ፣ ግን ይውጠዋል።

ትናንት ውሃው የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ቧንቧው ሲንኳኳ እህቴ ብድግ አለች፣ እኔም ጀሪካን ይዤ ተከተልኳት። ማሙሽ ኮሪደሩ ላይ በተዘረጋችው ፍራሽ ተጋድሟል። በላዩ ተራምደን አለፍን፣ ባልዲ ወደቀብን፣ ተጯጯህን። ዞር ብሎ ተኛ።