የቀላው የሰርግ ፎቶና ሌሎች ጣጣዎች

የድሮ የቤተሰብ ፎቶ ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ለማደስ ሶፍትዌሩ ፎቶሾፕም ይሁን ነፃው ጂምፕ ለውጥ የለውም። ግማሹ ችግር የሚመጣው ከስካኑ ነው፣ እሱ ከተበላሸ በኋላ ብትለፉም ዋጋ የለውም።

ፎቶው ቀልቷል። የድሮ ባለቀለም ፎቶ ሲያን (ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ) እና ቢጫ ቀለሞች ተደራርበው የተሠራ ነው። አልበም ውስጥ ተዘግቶ ቢቀመጥም እንኳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ሲያኑ ነው፣ ስለዚህ ሰርገኛው ሁሉ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌቭልስን (የብርሃንና የጥላ ማስተካከያውን) ክፈቱና ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ አስተካክሉ። በየግራፉ ግራና ቀኝ ያሉትን ጠቋሚዎች ጉብታው እስከሚጀምርበት አስጠጉ። ነጭ መምረጫውን (የተጫናችሁትን ቦታ ነጭ አድርጎ ሌላውን ቀለም በዚያ የሚያስተካክለውን) ግን ነጠላ ላይ አትጫኑ። የፈትል ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፣ እሱን ነጭ ነው ካላችሁት የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ይሆናል። ዓይናችሁ ፊቷ ላይ ይሁን።

ስካኑ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጥብ ሞልቷል። አቧራ ካልሆነ ወረቀቱ ሸካራ ነው ማለት ነው። የስካነሩ መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ እያንዳንዷ ጉብታ ታብረቀርቃለች። አንዴ ስካን አድርጉ፣ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙሩና ድገሙት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ በማዞር በመጀመሪያው ላይ በትክክል ደርቡትና የላይኛውን ሌየር (ንብርብር) ኦፓሲቲ፣ ማለትም ድፍንነቱን፣ 50 በመቶ አድርጉት። አብዛኛው ይጠፋል።

መሃሉ ታጥፎ ተሰንጥቋል። ግድግዳና ሰማይ ላይ ሂሊንግ ብራሽ (ጉድለቱን ከዙሪያው ጋር አዋህዶ የሚሸፍነው) ይበቃል። ስንጥቁ ጥለቱን ካቋረጠ ግን ብራሹ ያደበዝዘዋል፤ እዚያ ክሎን ስታምፕ (ከሌላ ቦታ እንዳለ የሚገለብጠውን) ያዙ፣ ናሙናውንም ከዚያው ከጥለቱ መስመር ውሰዱ። ሁሉንም በአዲስ ሌየር ላይ ሥሩ፣ ኦሪጅናሉ አይነካ።

ፊቱ ጥርት ብሏል፣ ግን አያታችን አይደሉም! ይሄ የኤአይ አፖች ጣጣ ነው። ፊቱ ትንሽ ከሆነ አፑ የጎደለውን ከተማራቸው ሌሎች ፊቶች እየገመተ ይሞላዋል። ጉርድ ፎቶ ከሆነ በ1200 ዲፒአይ (በኢንች 1200 ነጥብ) እንደገና ስካን አድርጉ፤ 3 በ4 ሴንቲሜትሯ 1400 በ1900 ፒክስል ገደማ ትሰጣችኋለች። አፑን ለጀርባውና ለልብሱ ተጠቀሙበት፣ ፊቱን በማስክ (የሌየሩን የተወሰነ ክፍል በሚደብቀው መሣሪያ) ከኦሪጅናሉ መልሱ። እኔ ብዥ ያለ እውነተኛ ፊት ይሻለኛል።

ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። በፍጹም እንዳትላጡት፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። መስታወቱን አጽዱና እንዳለ ስካን አድርጉት።