ሬዚኑ ከፕላስቲኩ ጋር አልገጥም ሲል፦ የጄት ሞዴል መለወጫ ኪቶች ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ የፕላስቲክ ጄት ሞዴል ገጥሞ ለጨረሰና አሁን የሬዚን መለወጫ ኪት (ሞዴሉን ወደ ሌላ ዓይነት የሚለውጡ፣ ከፈሳሽ ሬዚን ተቀርጸው የወጡ ክፍሎች) ከፊቱ ዘርግቶ ለተቀመጠ ሰው የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ የተለመደው የሞዴል ሙጫ የሞዴሉን ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪንን፣ እያሟሟ እንደሚያጣብቅ፣ የመለወጫ ኪቶች ሬዚን ግን ፖሊዩሬቴን በመሆኑ በዚያ ሙጫ ፈጽሞ እንደማይያዝና ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ) እንደሚያስፈልገው አንባቢው ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። ይታወቃል ብዬ የማላልፈው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ መሞረድና መጋዝ ያለ አፍ መሸፈኛ አይጀመርም፤ የሚቻለው ሥራ ሁሉ ውኃ በነካ የብርጭቆ ወረቀት ይሠራል፤ ጠረጴዛውም በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በእርጥብ ይጠረጋል። «ትንሽ ነው የምሞርደው» የሚለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አላሳመነኝም።

ምልክት፦ ሙጫው አልይዝ ይላል፤ ቀለሙ፣ ሲቀቡ ከሚሸፍኑበት የወረቀት ፕላስተር ጋር ተልጦ ይነሣል

መንስኤው በአብዛኛው በክፍሉ ገጽ ላይ የቀረ ቅባት ነው። አምራቹ ሬዚኑ ከሲሊኮን ቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ ማላቀቂያ ይቀባል፤ ያ ቅባት በዓይን ባይታይም ሙጫንም ቀለምንም አያስጠጋም። መፍትሔው ክፍሎቹን ገና ከማፍሰሻ ጉቷቸው (ሬዚኑ ሲፈስ ከክፍሉ ጋር ተያይዞ ከቀረው ትርፍ) ሳይቆረጡ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ በደንብ ማለቅለቅና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ መተው ነው። ከጉቶው ሳይለዩ ማጠቡ ጥቅም አለው፤ ትንንሾቹ ክፍሎች ከውኃው ጋር ወደ ቧንቧ አይወርዱም። ከታጠቡ በኋላ ገጹን በጣት መነካካት ሥራውን መልሶ ያበላሻል። ሳይታጠብ ተቀብቶ የተላጠ ሞዴል ካለዎት ቀለሙን አንሥቶ ከመጀመሪያው ከመጀመር ሌላ አማራጭ የለም፤ በላዩ ላይ የሚደረብ ቀለም አብሮ ይላጣል።

ምልክት፦ ክፍሉ ጎብጧል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፣ ወይም ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል

የጎበጠውን በሙቅ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ሲለሰልስ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ማስተካከልና ቅርጹን እንደያዘ በቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ ነው። የአየር ቀዳዳዎች በቀጭን መሰርሰሪያ ከፈት ተደርገው በሱፐር ግሉና በታልክ ዱቄት ድብልቅ ይሞላሉ። የሚጣበቅ ሬዚን ሲደባለቅ መጠኑ የተዛባ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፤ መልሰው ምትክ ይጠይቁ።

ምልክት፦ ሬዚኑ ከፕላስቲኩ በሚገናኝበት መስመር እርከን አለ፤ ወይም ቀለም ከተቀባ በኋላ ስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል

ሌሎቹ ችግሮች ሁሉ ቢደመሩ ይህን አያህሉም። ለማስተካከል ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ሞዴሎች ብዙዎቹ የሚመጡት በዚህ ነው፤ እኔም ራሴ ከማንም በላይ የተቀጣሁበት ነው። መንስኤው አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ አንዱን ያረመ ሰው ሁለቱን ረስቶ ስንጥቁ ለምን እንደተመለሰ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው መንስኤ አቆራረጥ ነው። ኤፍ-4 ፋንተም እ.ኤ.አ. በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ አውሮፕላን ሲሆን፣ ተዋጊውን ወደ አርኤፍ-4ሲ የስለላ ዓይነት የሚለውጠው ባለ ካሜራ አፍንጫ ከቆዩት የመለወጫ ሥራዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬም እሱ ነበር፣ በ1/48 መጠን፤ ማለትም በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በእውነተኛው 48 ነው። የመመሪያ ወረቀቱ ላይ የተሣለውን የመቁረጫ መስመር በማስመሪያ ለክቼ በፕላስቲኩ ላይ አሰፈርሁ፤ ሁለቱን የአካል ግማሾች ለየብቻ ቆረጥሁ፤ ከዚያ የሬዚኑን ጉቶ በመጋዝ አነሣሁ። ሳጋጥመው በአንድ በኩል ገጠመ፣ በሌላው በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አፍጥጦ ቀረ። ያ ክፍተት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 72 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ እጅ ያስገባል። ሥዕሉ በትክክለኛ መጠኑ እንዳልታተመ የገባኝ ፕላስቲኩ ከተቆረጠ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነው የምሠራው። በቅድሚያ የሬዚኑ ጉቶ በቀጭን መጋዝ ከመስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ይቆረጣል። ቀሪው ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ክፍሉን ክብ ክብ እያዞሩ በመፈግፈግ ይጨረሳል፤ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ የሚፈገፍግ ሰው ሳያውቀው አንዱን ጠርዝ ያዘቅዝቀዋል። የሬዚኑ ርዝመት የሚለካው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልኩም ወደ ፕላስቲኩ የሚተላለፈው ከወረቀቱ ሳይሆን ከዚሁ ከተጨረሰው ሬዚን ነው። ሁለቱ የአካል ግማሾች በፕላስተር ተጣምረው፣ ወፈር ያለ የፕላስተር ጥብጣብ ዙሪያቸውን ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከራሱ መነሻ ጋር ካልገጠመ መስመሩ መጣመሙን ይነግራል። ጥብጣቡን ተከትሎ በምላጭ ጀርባ መስመሩን ደጋግሞ መቦርቦር፣ ከዚያ ብቻ መጋዝ ማስገባት፣ በመጨረሻም 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ መተውና ያንን ትርፍ እያጋጠሙ በትዕግሥት መፈግፈግ ያስፈልጋል። የተቆረጠ ፕላስቲክ አይመለስም፤ ይህን ዓረፍተ ነገር መጋዙ ላይ ብጽፈው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መንስኤ መኮማተር ነው። ሬዚን ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ይሸማቀቃል። ከዋናው ቅርጽ ሳይሆን ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ያወጣ ሰው ደግሞ ሽምቅቁን ያደራርበዋል፤ ሣጥኑ ላይ ግን ይህ አይጻፍም። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መገጣጠሚያ በግማሽ ከመቶ ቢኮማተር 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ በ1/48 መጠን በእውነተኛው ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። ዓይን ያየዋል፣ ጥፍር ደግሞ ከዓይን በፊት ያገኘዋል። ለዚህ ሬዚኑን መሞረድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሬዚኑ ጠጣርና የማይታዘዝ፣ በላዩ ያሉት የፓነል መስመሮችም (የአውሮፕላኑ ሽፋን መጋጠሚያ ምልክቶች) የሚጠፉ ናቸው። የሚታዘዘው ፕላስቲኩ ነው። ፕላስቲኩ ከሬዚኑ ከጠበበ በውስጡ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ የፕላስቲክ ቁራጭ አግድሞ ማስፋት ይቻላል፤ ከሰፋ ደግሞ የሁለቱን ግማሾች መጋጠሚያ ጠርዝ በመጠኑ ፈግፍጎ ማጥበብ ይቻላል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሙጫ ሳይነካ፣ ደረቁን እያጋጠሙ ነው። እኔ አንድን አፍንጫ ሃያ ጊዜ ያህል ደረቁን አጋጥሜ አይቻለሁ፤ ሃያ አንደኛው በሙጫ ነበር፣ ስቱኮም (ክፍተት መሙያ) አላስፈለገውም።

ሦስተኛው መንስኤ የሙጫና የመሙያ ምርጫ ነው። ሱፐር ግሉ ሲስቡት ብርቱ ነው፣ ከጎን ሲመቱት ወይም ሲያጣምሙት ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ከባድ የሬዚን አፍንጫ በቀጭን የፕላስቲክ ጠርዝ ላይ በሱፐር ግሉ ብቻ ከተለጠፈ፣ ሞዴሉ በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ስፌቱ ጥቂት ጥቂት ይከፈታል። ስለዚህ ከፕላስቲኩ ውስጠኛ ጠርዝ አልፈው ወደ ሬዚኑ የሚገቡ ምላሶች ይለጠፋሉ፤ ሬዚኑ ድፍን ከሆነ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት የናስ ሽቦዎች ተሰርስሮላቸው ይገባሉ። ዋናው ማጣበቂያ ኢፖክሲ ቢሆን ይመረጣል፤ ከመጠንከሩ በፊት ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ያቺን ጊዜ ሞዴሉን ከፊት ለፊት ለማየት ይጠቀሙባት። የፋንተም የክንፍ ጫፎች 12 ዲግሪ ወደ ላይ፣ የጅራት ክንፎቹ 23 ዲግሪ ወደ ታች ስለሚያጋድሉ፣ አፍንጫው ትንሽ ቢዞር ከእነዚህ መስመሮች ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይጋለጣል።

ስለ መሙያው ደግሞ ትዕግሥቴ አጭር ነው። በቱቦ የሚሸጠው ስቱኮ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ሟሚ ሲተን ነው፤ ሲተን ይሸማቀቃል፤ ወፍሮ ከተሞላ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት መሸማቀቁን ይቀጥላል። አንድ የማውቀው ሰው ጥልቅ ክፍተት በዚህ ስቱኮ ሞልቶ፣ በዚያው ምሽት ፈግፍጎ፣ በማግሥቱ ግራጫ ቀለም ቀብቶ ሞዴሉን በኩራት አሳየኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያመጣው በአፍንጫው ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ጥቁር መስመር ተጠምጥሞ ነበር፤ ከጠረጴዛው መብራት በታች ዘንበል ሲያደርጉት መስመሩ ወደ ውስጥ የሰመጠ ቦይ ሆኖ ጥላ ይጥላል። ቀለሙ አልተሰነጠቀም፤ ከሥሩ ያለው መሬት ነው የወረደው።

ለዚህ ስፌት የማይሸማቀቀውን የሱፐር ግሉና የታልክ ድብልቅ ይጠቀሙ፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈግፍገው ይጨርሱ። ካደረ ከፕላስቲኩ የበለጠ ይጠነክራል። ያኔ የብርጭቆ ወረቀቱ ለስላሳውን ፕላስቲክ እየበላ ሙጫውን እንደ ጉብታ ያስቀረዋል። ወረቀቱ በጣት ሳይሆን በጠንካራ ብሎክ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከ400 ቁጥር ተነሥቶ በ600 አልፎ እስከ 1000 ይሄዳል። ከዚያ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀባና መብራቱን ዝቅ አድርጎ በአግድም ያበሩበታል። የሚታይ ነገር ካለ አሁኑኑ ይታረማል፤ ቀለም ስፌትን ይሸፍናል የሚል ሰው ቀለም ቀብቶ አያውቅም።

ምልክት፦ የሬዚን ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ከገባ በኋላ የአካሉ ግማሾች አልዘጋም ይላሉ

ኮክፒቱ ከፕላስቲኩ ውስጥ ይሰፋል፣ ወይም ወለሉ ከፊት ጎማው ማስገቢያ ጣሪያ ጋር ይጋጫል። ሁለቱንም ለማወቅ የኮክፒቱን ወለል ታች ቀለም ቀብተው ሳይደርቅ ማጋጠም በቂ ነው፤ የነካበት ቦታ ቀለሙን ይወስዳል። ከዚያ የፕላስቲኩን ውስጠኛ ግድግዳ በሚሽከረከር መሞረጃ በዝግታ ማሳሳት፣ የኮክፒቱን ወለል ደግሞ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ላይ መፈግፈግ ነው። ወለሉን በየጊዜው ወደ መብራት ከፍ አድርገው ይመልከቱት፤ ብርሃን ማሳለፍ ከጀመረ ይቁም። መሞረጃው በፍጥነት ከዞረ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ ከውጭ በኩል ጣትዎን ያሳርፉና ሙቀት ከተሰማዎት ያቁሙ። ግማሾቹን በመቆንጠጫ ጨቁኖ ማጣበቅ መፍትሔ አይደለም። አንድ ሌሊት ይይዛል፣ ከዚያ የጀርባው ስፌት ተተርትሮ ያድራል።

ምልክት፦ የተጠናቀቀው ሞዴል በጅራቱ ይቀመጣል

ድፍን የሬዚን ጭስ ማውጫ ከኋላ ሲገባ ሚዛኑ ከዋናዎቹ ጎማዎች ጀርባ ይወድቃል። ይህ የሚመረመረው ሞዴሉ ከመጣበቁ በፊት ነው፦ ሁሉም ክፍል፣ ጭስ ማውጫውና የጅራት ክንፎቹም ጭምር፣ በፕላስተር ይያያዛል። ሞዴሉ በዋና ጎማዎቹ መስመር ላይ በሁለት እርሳሶች ይደገፍና አፍንጫው እስኪወርድ ድረስ የክብደት ብረት ይጨመራል፤ ከዚያም ለቀለምና ለሙጫ ጥቂት ትርፍ። ሚግ-21ን የሚሠሩ ሰዎች ይጠንቀቁ፤ የአየር ማስገቢያው አፍንጫው ራሱ ስለሆነ ክብደት የሚደበቅበት ቦታ በመሃሉ ሾጣጣና ከኮክፒቱ ሥር ብቻ ነው፣ ግማሾቹ ከተዘጉ በኋላም አይደረስበትም። ክብደቱ ከበዛ የፕላስቲክ የማረፊያ እግሮች ከወራት በኋላ ይጎብጣሉ፤ የብረት እግር ካለ እሱን ይተኩ።

ምልክት፦ የኮክፒቱ መስታወት ከውስጥ ጉም ለብሷል

የሱፐር ግሉ ትነት ነው። መስታወቱ በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጠፋል እንጂ በሱፐር ግሉ አይለጠፍም፤ ማድረቂያ ፈሳሽም አጠገቡ አይረጭም። በአካሉ ውስጥ በሱፐር ግሉ የተሠራ ስፌት ካለ፣ መስታወቱ ከመዘጋቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይተንፍስ። ጉሙ ከውጭ በኩል ከሆነ በማለስለሻ ክሬም ይነሣል፤ ከውስጥ ከሆነ ግን የኮላው ጠርዝ በእርጥብ ጥጥ ረጥቦ እስኪለሰልስ ተጠብቆ መስታወቱ ይነቀላል። በኮላ የተለጠፈ ይነቀላል፤ በሱፐር ግሉ የተለጠፈውን ሲነቅሉ አብሮ የሚሰበረው መስታወቱ ነው።