የዝውውር ኦርደር ሲወጣ በቤት አበላችሁ ቤት እንዴት ታገኛላችሁ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የምታገለግሉ ከሆነና የዝውውር ኦርደር ከወጣላችሁ፣ የአፓርትመንት ፎቶ ማየት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ቢ ኤ ኤች የሚባለው የቤት አበል የሚሰላው በምትኖሩበት ሰፈር አይደለም። በምትሠሩበት ቤዝ ዚፕ ኮድ ነው። ይህን ሳያውቁ ውል የሚፈርሙ ብዙ ልጆች አሉ፤ ከዚያ በየወሩ ከደሞዛቸው እየቀነሱ ኪራይ ይሞላሉ።

ዋሽንግተን ስቴት ያለው ጆይንት ቤዝ ሉዊስ-መኮርድ ተመደባችሁ እንበል። አበላችሁ የሚወጣው በታኮማ አካባቢ ዋጋ ነው። ግን ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና የሀበሻ ሱቁ በብዛት ያለው ወደ ሲያትል ስለሆነ ልባችሁ ወደዚያ ይሄዳል። ሲያትል ስለተከራያችሁ አንድ ሳንቲም አይጨመርላችሁም፣ በዚያ ላይ በየጠዋቱ የአይ-ፋይቭ መንገድ ትራፊክ ይጠብቃችኋል፣ ሳይነጋ ቤዝ መድረስ ላለበት ሰው ደግሞ ይህ በጣም ከባድ ነው። ከወገን ጋር መኖር ዋጋ አለው፣ አልክድም። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ አስሉት። በተቃራኒው ቨርጂንያ ፎርት ቤልቮር ብትመደቡ የሚከፈላችሁ በዲሲ አካባቢ ዋጋ ነው፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ረከስ ያለ ቤት ካገኛችሁ የተረፈው ገንዘብ የእናንተ ነው። መልሱ የሚላችሁ የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥሩን ማወቅ ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የቢ ኤ ኤች ማስያ አለ። ዓመቱን፣ የአዲሱን ቤዝ ዚፕ ኮድና ማዕረጋችሁን ታስገባላችሁ። ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፦ ጥገኛ (እንደ ትዳር ጓደኛና ልጅ ያለ) ላለውና ለሌለው። አንድ ልጅ ያለውና አምስት ልጅ ያለው እኩል ነው የሚያገኘው፣ የልጅ ብዛት አይቆጠርም። ላጤ ከሆናችሁና ማዕረጋችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባራክ፣ የወታደር ማደሪያ፣ ውስጥ ስለምትኖሩ ሙሉውን አበል አታገኙም፤ ውጭ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

እዚህ ላይ የኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ሄዳችሁ ካገባችሁ የጋብቻ ወረቀቱን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙና ትዳራችሁን በጦሩ መዝገብ፣ ዲርስ በሚባለው፣ ቶሎ አስመዝግቡ። ለእናትና አባት ገንዘብ መላክ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ወላጅ ጥገኛ ተብሎ እንዲመዘገብ ከግማሽ በላይ ወጪውን የምትችሉት እናንተ መሆናችሁን በሰነድ ማሳየት አለባችሁ፣ ማመልከቻውም መጽደቅ አለበት። የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ።

ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ሙሉውን ለኪራይ አትመድቡ። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አበሉ የተሰላው ኪራዩን ብቻ ሳይሆን መብራትን፣ ውሃንና ማሞቂያንም ጨምሮ ነው፣ ያም ሆኖ ከ2019 ጀምሮ በአማካይ የሚሸፍነው 95 በመቶውን ነው። ቀሪው 5 በመቶ ከእናንተ ነው። አከራዩን መብራትና ውሃ በኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ያለፈውን ክረምት ቢል አሳዩኝ በሉት። ከዚያ የተከራይ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ማቆሚያና ቤንዚን ጨምሩ። ይህን ሁሉ ከአበሉ ቀንሳችሁ የሚቀረው ነው የኪራይ ጣሪያችሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ቤት ባታዩት ይሻላል፣ ካያችሁት ትወዱታላችሁ።

ቀጥሎ ሃውሲንግ ኦፊስ፣ የቤዙ የቤት ጉዳይ ቢሮ። ምንም ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ ግቡ። የትኛው ሰፈር ከቤዙ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ፣ የትኛው አከራይ ከወታደር ጋር ሠርቶ እንደሚያውቅ ይነግሯችኋል። ውሉንም ያዩላችኋል። በነጻ ነው። ቤት ለመፈለግ እስከ 10 ቀን ድረስ ከዓመት ፈቃድ የማይቆረጥ ፈቃድ መጠየቅም ይቻላል፣ አዛዡ ከፈቀደ። ሳትጠይቁ አትቅሩ።

ቤዝ ውስጥ መኖር ከፈለጋችሁ ደግሞ ቤቶቹን በብዛት የሚያስተዳድሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ ኪራያቸውም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው አበላችሁ ነው። አንድ ዓይነት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ማዕረጋቸው ስለሚለያይ ብቻ የተለያየ ይከፍላሉ። ቅርብ ነው፣ ለልጆች ይመቻል። ትርፍ ግን አይኖራችሁም።

ስለ መግዛትም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ቪ ኤ ሎን፣ መንግሥት ለወታደርና ለቀድሞ ወታደር ዋስ የሚሆንበት የቤት ብድር፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ቤት ያስገዛል፣ ወርሃዊ የሞርጌጅ ኢንሹራንስም የለበትም፣ ባንኩ አበላችሁን እንደ ገቢ ይቆጥርላችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀምና ቅድሚያ የማይከፍል ሰው ግን ፈንዲንግ ፊ የሚባል የብድሩን 2.15 በመቶ ክፍያ አለበት። ለሁለት ለሦስት ዓመት ብቻ ለምትቆዩበት ከተማ እኔ አልመክርም። ገዝቶ መሸጥ ራሱ ወጪ አለው፣ የሚቀጥለው ኦርደር ደግሞ የቤት ገበያው ጥሩ እስኪሆን አይጠብቅም።

አሁን ውሉ ላይ እንምጣ፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። ኤስ ሲ አር ኤ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ሌላ ቦታ የሚያዛውር ኦርደር ወይም ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የሚያዘምት ትዕዛዝ ከመጣላችሁ ያለ ቅጣት የኪራይ ውላችሁን ማፍረስ ትችላላችሁ። በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፣ የኦርደሩን ኮፒ ታያይዛላችሁ፤ በእጅ ስጡ ወይም ደረሰኝ ባለው ፖስታ ላኩ። ውሉ የሚያበቃው ከማስታወቂያው በኋላ ከሚመጣው የኪራይ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ሲሞላ ነው። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ የምትከፍሉ ከሆነና ጁን 10 ካሳወቃችሁ፣ እስከ ጁላይ መጨረሻ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። አንዳንድ አከራዮች ግን ከውሉ ጋር ሌላ ወረቀት ደርበው ይሰጣሉ፣ ይህንን መብቴን ትቻለሁ የሚል። እሱን አትፈርሙ! እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ውሉን ይዛችሁ ቤዝ ላይ ወዳለው የሕግ ቢሮ ሂዱ፣ ቁጭ ብለው ያነቡላችኋል።

ቤቱን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በዓይን ሳያየው ደግሞ ብር እንዳትልኩ። ወታደር ከሩቅ እንደሚከራይና እንደሚቸኩል አጭበርባሪዎች ያውቃሉ። ከተማ ውጭ ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ዲፖዚቱን በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ላክ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተዉት።

ለዲፖዚቱና ለመጀመሪያው ወር ኪራይ የራሳችሁ ገንዘብ ያስፈልጋችኋል፤ አዲሱ አበል የሚጀምረው አዲሱ ቤዝ ሪፖርት ካደረጋችሁ ጀምሮ ነው፣ እስኪስተካከልም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ዲ ኤል ኤ የሚባል የመቋቋሚያ ክፍያ አለ፣ የሚገባችሁ ከሆነ ቀድሞ እንዲሰጣችሁ የፋይናንስ ቢሮውን ጠይቁ። ቤት እስክታገኙ ለምታድሩበት ሆቴል ቲ ኤል ኢ የሚባለው የጊዜያዊ ማደሪያ አበል የተወሰኑ ቀናትን ይከፍላል። ደረሰኝ አትጣሉ።

ቁልፉን ስትቀበሉ እቃ ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹና ለአከራዩ በኢሜይል ላኩለት። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የሚመጣውን የደሞዝ ወረቀት፣ ኤል ኢ ኤሱን፣ ክፈቱና ዚፕ ኮዱ የአዲሱ ቤዝ መሆኑን፣ የጥገኛ ሁኔታውም በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ስህተት ካለ በዚያው ሳምንት ፋይናንስ ግቡ። ከሚገባችሁ በላይ ከገባላችሁም አትንኩት፤ ሲደርሱበት ከደሞዛችሁ ነው የሚቆርጡት።