እንገሩን አትድፉት፦ ለአራስ እናትና ለቤተሰቧ

በሰበታም ሆነ በኮዬ ፈጬ፣ አራስ ቤት ገብቶ «ይሄ ቢጫው የቆየ ወተት ነው፤ ታልቦ ይደፋ» የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። ጀርምን የሚከላከሉት ፀረ እንግዳ አካላት ከሁሉ በላይ የሚበዙት በዚያው በመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ በእንገሩ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ዋናው አይ ጂ ኤ (IgA) ይባላል። ሥራው ደም ውስጥ አይደለም፤ የሕፃኑን ጉሮሮና አንጀት እርጥብ ሽፋን ይለብሰዋል፣ ጀርሙ ግድግዳው ላይ ሳይጣበቅ ይይዘዋል፣ ከዓይነ ምድር ጋርም ይዞት ይወጣል። በእናቲቱ አንጀትና መተንፈሻ ውስጥ ጀርም የለዩ ሕዋሳት ወደ ጡቷ ሄደው አይ ጂ ኤውን እዚያ ያመርታሉ። የጄሪካኑ ውሃ፣ የጓሮው ላም፣ የመንገዱ አቧራ የሚያመጣውን ጀርም ሰውነቷ ስለለመደው መከላከያው በወተቷ ለልጇ ይደርሳል። የዱቄት ወተት ይሄ የለውም።

በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ አጥቢው። አፉን በሰፊው ከፍቶ ጥቁሩን ክብ ጭምር ይጉረስ፤ ጫፉን ብቻ ከያዘ ጡትሽ ይቆስላል፣ እሱም አይጠግብም። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። በመጀመሪያው ቀን በአንዴ የሚወስደው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነውና «ወተት የለኝም» ብለሽ አትስጊ።

መሳብ ካቃተው እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ሲኒ እለቢለት። አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን ከጡቱ ጫፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ ትይዩ አስቀምጪ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ቀጥሎ ጨመቅ አድርገሽ ልቀቂ። ጣትሽ ቆዳው ላይ ከተንሸራተተ ያምማል፣ ወተቱም አይወርድም። የሲኒውን ጠርዝ ከንፈሩ ላይ አስደግፊና ራሱ ይላሰው፤ አታንቆርቁሪበት። ጡጦ ይቅር፣ ለማጽዳት ያስቸግራል። የታለበውን በጭራሽ አታፍዪው፤ ሙቀቱ አይ ጂ ኤውን ያበላሸዋል። ቀዝቅዞ ከሆነ ሲኒውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሚው።

ቅቤ ማላስ፣ የስኳር ውሃ፣ የጤና አዳም ውሃ እስከ 6 ወር ይቅሩ። ትንሿን ሆድ ሞልተው ከጡት ያርቁታል፣ ጀርምም ይዘው ይገባሉ። ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ቢይዝሽ ማጥባቱን አታቋርጪ፤ ለዚያው ጀርም የምታመርቺው መከላከያ በወተትሽ ይደርሰዋል።

በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የሮታ (ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ) ክትባት በአፍ የሚሰጠው የሕፃኑ አንጀት የራሱን አይ ጂ ኤ እንዲያመርት ነው፤ ቀጠሮው አይለፍሽ። ሕፃኑ መጥባት ካቆመ ወይም ካተኮሰው ግን ይንጋ ሳትይ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።