የአይሪሽ ቅድመ አያት የት እንደተወለደና ወላጆቹ እነማን እንደነበሩ እንዴት ይፈለጋል?

እኛ አገር ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። ዘራችን ከአየርላንድ ነው ይላል፤ ቁጠር ሲሉት ግን ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ልጃችን ከትምህርት ቤት «የዘር ሐረግሽን ሥሪ» ተብላ መጣች። የእኔን ወገን እናቴ በስልክ አስጻፈቻት፤ ቡናው እንኳ አልፈላም ነበር። የአባቷ ወገን ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በመሀሉም አንድ ትልቅ ጉድ ሠራሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ለጊዜው አየርላንድን መርሳት ነው። ሰው ሁሉ ቸኩሎ የአየርላንድን መዝገብ ይከፍታል። የእኛ ሰውዬ ጄምስ ሱሊቫን ነው። በአየርላንድ በኮርክና በኬሪ ካውንቲዎች (ካውንቲ እኛ ክፍለ አገር እንደምንለው ነው) ሱሊቫን ብሎ መፈለግ መርካቶ መሀል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሞተበትን አገር ወረቀት ጨርሱ፦ የሞት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ፣ የመቃብር ድንጋይ። የአሜሪካ የሞት ሰርተፍኬት ብዙ ጊዜ የወላጆችን ስም ይይዛል፤ እድለኛ ከሆናችሁ እናትየው ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ጭምር። የዜግነት ወረቀት ላይ ግን ብዙ ተስፋ አትጣሉ። ከ1906 በፊት የተሞላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል።

በራሱ በሰውዬው ወረቀት ካልተገኘ ወደ እህትና ወንድሞቹ ዙሩ። የጄምስ ወረቀቶች አንዳቸውም አጥቢያውን አይጠሩም። የእህቱ የመቃብር ድንጋይ ላይ ግን የተወለደችበት አጥቢያ ከነካውንቲው ተቀርጿል። ኬሪ ይላል። ይህን ድንጋይ ያየሁት ግን ከጉዱ በኋላ ነው።

ጉዱ እንዲህ ነው። አማቼ «የመጣነው ከኮርክ ነው» ይላሉ። አባታቸውም እንደዚያው ይሉ ነበር። እኔም አመንኩ። ኮርክ ውስጥ በ1854 ክርስትና የተነሳ ጄምስ ሱሊቫን አገኘሁ። ዕድሜው ልክ፣ የአባቱ ስም ልክ። እልል አልኩ። ሐረጉን በጥሩ ወረቀት አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ለአማቼ ልደት ሰጠሁ። ሳሎን ተሰቀለ። ከስምንት ወር በኋላ የ1901ን የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ ለሌላ ነገር ሳገላብጥ ያ ሰውዬ ብቅ አለ። እዚያው ኮርክ፣ እዚያው መንደር፣ ከሚስቱ፣ ከሰባት ልጆቹና ከአሮጊት እናቱ ጋር። አሜሪካን በዓይኑ አላየም! እኛ ደግሞ ማሳቹሴትስ ወስደን ቀብረነዋል።

«ኮርክ» የመጣው ከመርከቡ ነው። ያኔ ኩዊንስታውን፣ ዛሬ ኮቭ የሚባለው ወደብ ኮርክ ውስጥ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሕዝብ ብዙው በዚያ ነበር የሚሳፈረው። አባት የተሳፈረበትን ሲያወራ ልጆች የተወለደበት አድርገው ይሰማሉ። እኛም ከቦሌ ተነሳን ስላልን የቦሌ ልጆች አይደለንም።

አጥቢያውን ከያዛችሁ አሁን ወደ አየርላንድ ግቡ። የሌለውን ከወዲሁ እወቁት፣ በከንቱ አትድከሙ። ጁን 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በደብሊን ሲጀመር፣ ፎር ኮርትስ ግቢ የነበረው የመዝገብ ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍላቸው እዚያው አመድ ሆነ። የ1861ና የ1871ን መንግሥት ራሱ ቀደም ብሎ አጥፍቷቸዋል። የ1881ና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀታቸው ተፈጭቷል። ከእሳቱ በፊት ከተካሄዱት ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901ና የ1911 ናቸው። ሁለቱም በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። ለእነዚህ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ።

ዕድሜን አትመኑ። ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ሰው ጡረታ ይከፈል ነበር። በዚህ ምክንያት በ1901 ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው ያለ ሰው በ1911 ሰባ ሲሆን ብታዩ አይግረማችሁ። እኔ የተጻፈውን ዓመት አምስት ወደፊት፣ አምስት ወደ ኋላ አድርጌ ነው የምፈልገው።

ሰውዬው የተወለደው ከ1864 ወዲህ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የመንግሥት ልደት ምዝገባ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። አይሪሽ ጂኒኦሎጂ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ መቶ ዓመት ያለፋቸውን የልደት መዝገቦች በነፃ ያሳያል። ከዚያ በፊት ለተወለደ ካቶሊክ ግን ያለው ተስፋ የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ 1880 ገደማ ያሉትን በ2015 ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቋቸዋል። ፎቶ ብቻ ስለሆኑ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። የኬሪ ግን አይሪሽ ጂኒኦሎጂ ላይ በስም ይፈለጋል፤ እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው።

መዝገቦቹ ብዙ ጊዜ በላቲን ናቸው። ባለቤቴ «ጄምስ የሚባል የለም» ብሎ ገጹን ሊዘጋ ሲል ጽሑፉን አየሁት። ያኮቡስ ይላል። ያዕቆብ ነው እኮ! ጄምስ ማለት ያዕቆብ፣ ጆን ማለት ዮሐንስ። በዚህ እኛ ከፈረንጆቹ እንሻላለን። ጉሊየልሙስ የሚለው ግን ዊሊያም መሆኑ ለእኔም አልታየኝም ነበር። የቤተሰብ ስሙን ደግሞ «ኦ»ን ጨምራችሁም ቀንሳችሁም ፈልጉ። አንዱ ቄስ ሱሊቫን ያለውን ሌላው ኦሱሊቫን ይለዋል።

አሁን ከባዱ መጣ። በአንዱ አጥቢያ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጄምስ ሱሊቫን አገኘሁ። የሁለቱ አባት ዳንኤል፣ እናት ሜሪ። የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ ያሉት ስሞችም እነዚሁ ናቸው፤ የእናትየው የቤተሰብ ስም ቦታ ባዶ ነው። የመጀመሪያውን አንስቶ መሮጥ ያምራል። እኔ አንዴ ሮጬ አይቻለሁ።

ወረቀት አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት። መዝገቡ እናትየውን በአባቷ ቤት ስም ስለሚጽፍ ሁለቱን ሜሪዎች መለየት ይቻላል። የእያንዳንዱን ባልና ሚስት ልጆች ሁሉ፣ ክርስትና ከተነሱበት ቀን ጋር፣ በየረድፋቸው ጻፍኩ። በአንደኛው ረድፍ የእህቱ ስም አለ፣ ዕድሜዋም ከመቃብር ድንጋዩ ጋር ይቀራረባል። በሁለተኛው የለም። ይህ ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ወደ አበልጆቹ ሄድኩ። መዝገቡ የክርስትና አባትና እናትን ስም ይጽፋል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል። የአንደኛው ጄምስ ክርስትና እናት ያልተለመደ የቤተሰብ ስም አላት። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሲያገባ ምስክር የሆነው ሰውም ያንኑ ስም ይዟል። ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰብኝ መሰለኝ።

በመጨረሻም ሁለተኛውን ጄምስ በ1901 ቆጠራ ፈለግሁት። ሰተት ብሎ እዚያው ኬሪ ተገኘ፣ ሽማግሌ ሆኖ። ይህችን ማጣሪያ በጭራሽ አትዝለሉ። ደቂቃዎች ብቻ ናት የምትወስደው።

የአያት ስም ለልጅ የማውጣት ልማድም አላቸው። የመጀመሪያው ወንድ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ይሰየማል። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የቀረው ጎጡ ነው። አየርላንድ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ አላት፤ እኛ ጎጥ እንደምንለው ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የግብር ግምት መዝገብ በየታውንላንዱ ቤትና መሬት የያዘውን ሰው ይዘረዝራል። ሚስትና ልጅ አይጽፍም። አስክ አባውት አየርላንድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከነካርታው በነፃ አለ። ዳንኤልን እዚያ አገኘሁት። አንድ ቤት፣ ትንሽ መሬት። ያ የክርስትና እናት ቤተሰብ ስም ደግሞ አጠገቡ ባለው ይዞታ ላይ ተጽፏል።

ፍሬሙን አወረድን፣ ወረቀቱን ቀየርን፣ መልሰን ሰቀልነው። አማቼ በጣም ደስ አላቸው። ሰው ሲጠይቃቸው ግን አሁንም «ከኮርክ ነን» ይላሉ።